በሽንፈቱ ዓመት ፈንዲሻ ስሸጥ

ልጄ ሶስና ቲኬቱን ያመጣችው በነፃ ስላገኘችው ነው። የምትሠራበት ኩባንያ ዳውንታውን ነው፤ ለደንበኞቹ እያለ በየዓመቱ የሚገዛቸው የበረዶ ላይ ሆኪ ማያ ወንበሮች አሉት። ዘንድሮ ግን የከተማችን ቡድን አንዱን ካሸነፈ አራቱን ስለሚሸነፍ፣ ደንበኞቹም «ይቅርብን» ማለት ጀምረዋል አለችኝ። «እማ፣ ጨዋታው ቅዳሜ ከሰዓት ነው፣ ብርዱም ጋብ ብሏል፣ ፕሊስ ነይ። ቤት ብቻሽን ቁጭ ብለሽ ምን ትሠሪያለሽ?» ስትለኝ እምቢ የምልበት ምክንያት አጣሁ። ምክንያትስ ነበረኝ፤ አፍ አውጥቼ የምናገረው አልነበረም እንጂ።

ከምትኖርበት ሰፈር ከሳቫና መጥታ ከቤቴ ከፓይንሪጅ ወሰደችኝ። ቡድኑ የሚጫወትበት አሬና ውስጥ ፈንዲሻ እየሸጥኩ አሥራ ሰባት ዓመት ሠርቻለሁ፤ በፊት ለፊቱ በር፣ እንደ ሰው ቲኬት ይዤ ስገባ ግን የመጀመሪያዬ ነበር። እኛ የምንገባው ከኋላ፣ የቢራ በርሜል ከሚወርድበት ጎን ባለችው የብረት በር ነበር። ገና የመስታወቱን በር ከፈት ስናደርግ ያ ሽታ መጣ፤ የፈንዲሻ ዘይትና የቀለጠ ቅቤ ሽታ። ስንት ዓመት ከፀጉሬ ውስጥ አልወጣ ብሎኝ የነበረ ሽታ ነው። ቅዳሜ ሠርቼ እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስቆም፣ ታጥቤም፣ ንጹሕ ነጠላ ለብሼም፣ ስሰግድ ከነጠላዬ ሥር ብቅ ይልብኝ ነበር። አጠገቤ ያሉት ሴቶች ቢሰማቸውም ባይሰማቸውም እኔ እሳቀቃለሁ። ጡረታ ስወጣ ተለያየን ብዬ ነበር።

ሶስና ፈንዲሻ ልግዛልሽ ብላ ወረፋ ያዘች። የዋጋ ሰሌዳው አሁን ቴሌቪዥን ሆኗል፤ ዋጋው እያበራ ይቀያየራል። አንዷ የፈንዲሻ ሣጥን አሥራ ሦስት ዶላር ከምናምን፣ ውኃዋ ሰባት ዶላር። ከፊታችን ያለው ሰውዬ ለሁለት ልጆቹ ሆትዶግ አዝዞ ድምሩን ሲያይ አንዱን መልሶ፣ አንዱን ሁለት ቦታ እንዲቆርጡለት ለመነ። «ኦ ማይ ጋድ!» አለች ሶስና እየሳቀች፤ «እማ፣ አባዬ ይሄን ዋጋ ቢያይ ይሞት ነበር እኮ!» ቃሉ ከአፏ ከወጣ በኋላ ደነገጠችና እጄን ያዘች። ታደለ ከሞተ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው። «ሶሪ፣ እማ። ግን አባዬን ታውቂው የለ፤ ዕድሜውን ሙሉ አንዴ እንኳ እዚህ አላመጣኝም። ለምን? ፈንዲሻ ውድ ነው!» ብላ ድምፁን አስመስላ አወራችው። ሣጥኑን አቅፋ ወደ ወንበራችን መራችኝ። እኔ ደረጃውን እየቆጠርኩ ተከተልኳት።

አሬናው ሥራ በጀመርኩበት ጊዜ የምንኖረው እዚሁ ፓይንሪጅ ነው፤ አንድ መኝታ ባለው ቤዝመንት። ከላይ የሚኖሩት ሰዎች ሲራመዱ አምፖላችን ይንቀጠቀጣል። ሶስና ስድስት ዓመቷ ነው፤ ሶፋው ላይ ትተኛለች። ያኔ ቡና ጥግ ላይ ካለችው ሱቅ በዶላር ይገዛ ነበር፤ ሁለተኛው ስኒ በነፃ ነው። ወደ አገር ቤት ለመደወል ባለ አምስት ዶላር ካርድ እንገዛለን፤ ቁጥሩን በሳንቲም ስንፍቀው የሚወጣው ብናኝ ጠረጴዛው ላይ ይቀራል፤ ሃያ ደቂቃ ይላል እንጂ አሥር ሳይሞላ ይቆረጣል። ካሴት ከአንዱ ቤት ወደ ሌላው ቤት በውሰት ይዞራል፤ ክሩ ሲላላ በእስክሪብቶ እናጠነጥነዋለን። ካፖርቴን የገዛሁት ከአሮጌ ልብስ ሱቅ ነው፤ ትከሻው ላይ እንደ ትራስ ያለ ነገር የተሰፋበት፣ ቀለሙ የተቀቀለ ቀይ ሥር የሚመስል። ሰው ቢስቅብኝም ይሞቀኝ ነበር። ሰባተኛው ጎዳና ላይ ባቡር ስንጠብቅ፣ ከጣቢያው ጣሪያ ሥር ሲጫኑት የሚቀላ ማሞቂያ አለ፤ ቁልፉን ተጭነን ሐበሻ፣ ሕንድ፣ ፈረንጁም ሳይቀር ከሥሩ እንደ ዶሮ እንሰበሰባለን። ጠፋ ሲል ቅርብ ያለው ሰው ይጫነዋል። ማን ምን እንደሆነ ሳይጠያየቅ ሰው የሚተያይበት ጥግ ነበር። አሁንም ባቡሩ በዚያው ያልፋል፤ እኔ ግን በመኪና ስለምወሰድ ካየሁት ቆየሁ።

ታደለ የሚሠራው ዳውንታውን ካሉት የነዳጅ ኩባንያ ፎቆች በአንዱ ነው፤ ምንጣፍ ያጥባል፣ መስኮት ይወለውላል፣ አምፖል ይቀይራል። ረጅም፣ ቀጭን፣ ንግግሩ ዝግ ያለ ሰው ነበር። አገር ቤት ሳለ እንግሊዝኛ ያስተምር ስለነበር ቋንቋው ከእኔ ከሦስት እጥፍ በላይ ይሻላል፤ እኔ «ዬስ» እና «ኖ» ላይ ነበርኩ ማለት ይቻላል። ሆኪ ያስተማረው አብሮት የሚሠራ የፖላንድ ሽማግሌ ነው። ሠራተኛው ሁሉ ለምሳ ወጥቶ ኮሪደሩ ባዶ ሲሆን፣ በመወልወያው እንጨት የጠርሙስ ክዳን እየገፉ ሕጉን ያስጠናዋል። ቤት ሲመጣ ደግሞ እሱ በተራው እኔን በማንኪያና በሽንኩርት ቁራጭ ያስተምረኛል። አልገባኝም ነበር። «ይሄ ምን ጨዋታ ነው፣ ኳሷ እንኳ አትታይም» እለዋለሁ። «ኳሷን አትዪ፣ ልጆቹን እዪ። ሲወድቁ እዪአቸው። ወድቆ ለመነሳት ጊዜ የማይፈጅ ሰው እንደነሱ አላየሁም» ይለኛል። ትንሿን ሬዲዮ ዕቃ ማጠቢያው ላይ አስቀምጦ፣ ሰሐን እያጠበ ጨዋታ ይከታተላል። ሐኪም ስኳር አለብህ ብሎት ስለነበር፣ በየሁለት ሰዓቱ ትንሽ ነገር መቅመስ አለበት። ከሕንዶቹ ሱቅ ገብስና ሽምብራ እየገዛሁ ቆሎ እቆላለታለሁ። በትንሽ ፌስታል ቋጥሮ በቆዳ ጃኬቱ የውስጥ ኪስ ይዞት ይዞራል፤ ሲራመድ ይንሿሿል።

እኔ አሬናው የገባሁት የቡድኑ መከራ በጀመረበት ዓመት ነው። ቀይ ሽርጥና ኮፍያ ሰጡኝ። አለቃችን ዳያን የምትባል ፀጉሯ የነጣ ፈጣን ሴት ነበረች። ስንዱ ማለት አልሆንላት ብሎ «ሲንዲ» አለችኝ፤ ሲንዲ ሆኜ አሥራ ሰባት ዓመት ኖርኩ። ክፉ ሴት ነበረች ብዬ ማውራት አልፈልግም። ልጆቼ ደህና ናቸው ወይ ብላ ትጠይቃለች፤ አንድ ልጅ ብቻ እንዳለኝ ግን አትይዘውም። እሷም በላይዋ አለቃ አለባት፤ ስልክ አንሥታ «ዬስ ሰር» ስትል አንገቷ ላይ ቀይ ቀይ ነገር ይወጣባት ነበር።

በመጀመሪያ ሰዉ ሞልቶ ነበር። በጨዋታው መሐል የሚጫወቱት ኦርጋን ሲመታ የኛ ፈንዲሻ ማሽን ሳይቀር የሚዘል ይመስላል። ከዚያ ሽንፈቱ ተከታተለ። ሰው መቅረት ጀመረ። የመጣውም አንዳንዱ በቡድኑ አፍሮ የወረቀት ከረጢት ፊቱ ላይ አጥልቆ፣ ለዓይኑ ቀዳዳ አበጅቶ፣ እንደ ሐዘንተኛ ይቀመጣል። እኛ ሻጮቹ ዋጋ ይቀንሳል ብለን ጠበቅን። ጭራሽ ጨመረ። የመጣው ሰው ካነሰ፣ ከመጣው ላይ በደንብ መውሰድ ነው ሐሳባቸው። ያኔ ሰሌዳው ላይ ዋጋው የሚሰካው በላስቲክ ቁጥር ስለነበር፣ ዳያን ቁጥሮቹን በካርቶን ይዛ መጣችና «ሲንዲ፣ አንቺ ረጅም ነሽ» አለችኝ። ወንበር ላይ ወጥቼ ሦስቱን ነቅዬ አራት ሰካሁ። ከገና በኋላ ደግሞ አራቱን ነቅዬ አምስት ሰካሁ። ሰዉ ታዲያ የሚጮኸው በባለቤቶቹ ላይ አይደለም፤ እነሱን የት ያገኛቸዋል? የሚጮኸው በኔ ላይ ነው። «ለዚህ ቡድን? አምስት ዶላር? አታፍሪም?» ይለኛል አንዱ። «ሶሪ ሰር» እላለሁ። አንድ ሽማግሌ ሰውዬ ነበር፤ ሁልጊዜ አንድ ሻይ ይገዛ የነበረ። ዋጋውን ሲያይ ሳንቲሙን መዳፉ ላይ ዘርግቶ ቆየና፣ መልሶ ኪሱ ከትቶ፣ ኮፍያውን ከፍ አድርጎልኝ ሄደ። ከዚያ ወዲያ አላየሁትም። የጮኹብኝን ሁሉ ረስቻለሁ፤ እሱን አልረሳሁትም።

ታደለን ግን ያ ሽንፈት ጠቀመው። ፎቁ ላይ ያሉት ኢንጂነሮች ጨዋታ ማየት ስላስጠላቸው ቲኬታቸውን ጠረጴዛ ላይ «የፈለገ ይውሰደው» የሚል ወረቀት ለጥፈውበት ይሄዳሉ። የፖላንዱ ሽማግሌ ጉልበቱን ያመዋል፤ ስለዚህ ቲኬቱ የታደለ ሆነ። የመጀመሪያ ቀን ሲመጣ ጢሙን ተላጭቶ፣ ከአሮጌ ልብስ ሱቅ የገዛትን የቡድኑን ሻርፕ በጃኬቱ ላይ ጠምጥሞ፣ እንደ ሙሽራ አምሮ ነበር። ሶስናን ጎረቤት ትተናት ነው። በእረፍቱ ሰዓት ቀና ስል የኔ ወረፋ ላይ ቆሟል። ተራው ሲደርስ ኮስተር ብሎ በዚያ ባማረ እንግሊዝኛው «እመቤቴ፣ እባክዎን አንድ ናፕኪን» አለኝ። ናፕኪን፣ የአፍ መጥረጊያዋ ወረቀት፣ በነፃ ነው። ሳቄን ለመዋጥ ሽርጤን ነክሼ ሰጠሁት። «ቴንክ ዩ፣ እመቤቴ» ብሎ ናፕኪኑን አጣጥፎ ደረት ኪሱ ከተተና ሄደ። ከዚያ በኋላ በመጣ ቁጥር ይሄው ነው። እንደማይተዋወቅ ሰው ይሰለፋል፣ ናፕኪኑን ይቀበላል፣ ከዚያ ካውንተሬ ትይዩ ካለው ምሰሶ ሥር ቆሞ ቆሎውን እየቆረጠመ፣ ኦርጋኑ እስኪጠራው ድረስ ያየኛል። ከሥራ ወደ ሥራ ስንሯሯጥ በሳምንት ውስጥ በደንብ የምንተያየው በእነዚያ አሥራ አምስት ደቂቃዎች ነበር። ዕድሜዬን ወደኋላ ሳስበው፣ በትዳሬ ውስጥ እንደዚያ ክረምት የተወደድኩበት ጊዜ ያለ አይመስለኝም።

የካቲት ላይ መሰለኝ፣ አብራን የምትሠራ ማሪቴስ የምትባል የፊሊፒንስ ልጅ ነበረች፤ ለአክስቷ ልጅ አንድ ሣጥን ፈንዲሻ ሳታስከፍል ስትሰጥ ታየች። ሽርጧን እዚያው አስወልቀው አስወጧት። በማግሥቱ ወረቀት ተለጠፈ። ዘመድ ወዳጅ ካውንተር ጋ እንዳይቆም፣ ከውጭ ምግብ ይዞ የተገኘ ሰው እንዲወጣ፣ ሠራተኛ ከተባበረ ከሥራ እንዲባረር ይላል። ገበያው ስለቀዘቀዘ ሰው ከቤቱ ሳንድዊች እየደበቀ መግባት ጀምሮ ነበር። ወረቀቱን ለታደለ ልነግረው አስቤ ነበር። ሳልነግረው ቀረሁ፤ እውነቱን ለመናገር ናፕኪኑ እንዳይቀርብኝ ነው። እኔ ገና የሙከራ ጊዜዬን አልጨረስኩም፤ የታደለ ደሞዝ ሬንቱን ከፍሎ የሚተርፈው ለሳምንት አስቤዛ እንኳ አይበቃም።

ነገሩ የሆነው አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ነው። ውጭ ብርዱ ትንፋሽ የሚያደርቅ ነበር። እረፍት ሆኖ ታደለ ናፕኪኑን ተቀብሎ ምሰሶው ሥር ቆመ። ቆሎውን ገና ሁለቴ ቆርጠም እንዳደረገ አንድ ወጣት ሴኩሪቲ መጥቶ ፌስታሉን ከእጁ ነጠቀው። ከፍ አድርጎ እያየ «ይሄ ምንድነው፣ የወፍ ምግብ ነው?» አለ። ሰው ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አንዳንዱ ሳቀ። ዳያን ከካውንተሩ ውስጥ ወጥታ ሄደች። ታደለን አየችው፣ እኔን አየችኝ፣ እንደገና እሱን አየችው። መልካችን ያው ነው፤ ሁለታችንም ሐበሻ። «ሲንዲ!» ብላ ጠራችኝ። እጄን በሽርጤ ጠርጌ ሄድኩ። አንገቷ ላይ ያ ቀዩ ነገር ወጥቷል። «ይሄን ሰው ታውቂዋለሽ?» አለችኝ።

ማሪቴስ ሽርጧን ስታወልቅ ታየችኝ። ሶፋ ላይ የምትተኛው ልጄ ታየችኝ። «ኖ» አልኩ። «አላውቀውም።»

ታደለ ቀና ብሎ አየኝ። የጨረፍታ ያህል ነው፤ ፊቱ ላይ ያለፈውን ነገር ግን እስከዛሬ ስም ልሰጠው አልቻልኩም። ንዴት አልነበረም። ከዚያ ወዲያው ትከሻውን ሰብሰብ አደረገ፣ እንግሊዝኛ እንደማይሰማ ሰው ዓይኑን ከዳያን ወደ ሴኩሪቲው አመላለሰና ወደኔ ዞሮ በአማርኛ «እህቴ፣ ምን እያሉ ነው? እስቲ ይንገሩኝ» አለ።

ባሌ ነው። «ይንገሩኝ» አለኝ። ያን ሁሉ ዓመት «አንቺ» እያለ የጠራኝ ሰው።

«ከውጭ ምግብ ይዞ መግባት ክልክል ነው ይላሉ» አልኩት። «ይውጡ እያሉ ነው።»

«እንደዚያ ነው? ይቅርታ ይበሉልኝ። ስኳር ስላለብኝ ነው፣ ክልክል መሆኑን አላወቅኩም ይበሉልኝ።»

እኔም «ሂ ሴይ ሶሪ» አልኩ። ስለ ስኳሩ አልተረጎምኩም። ቃሉን አውቀው ነበር፤ ብዙ ካወራሁለት ያውቁብኛል ብዬ ነው። ዳያን ተነፈሰች፤ እሷም ነገሩ እንዲያልቅላት ፈልጋለች። «ለመተርጎምሽ ቴንክ ዩ፣ ሲንዲ» አለችኝ። ሴኩሪቲው ቆሎውን ቆሻሻ ውስጥ ደፋው። ብረቱ ላይ ሲንሿሿ ሰማሁት። ታደለ ራሱን ዝቅ አድርጎ «እግዜር ይስጥልኝ፣ እህቴ። ሥራዎን ይቀጥሉ» አለኝና በሴኩሪቲው ታጅቦ ሄደ። ጓንቱና ሻርፑ ወንበሩ ላይ ቀርተው ነበር። ሊያመጣቸው አልጠየቀም፤ በምን ቋንቋ ይጠይቅ? እኔም ተመልሼ ካውንተሩ ጋ ቆምኩ። «ኔክስት» አልኩ። ጨዋታው እስኪያልቅ «ኔክስት፣ ኔክስት» እያልኩ ፈንዲሻ ሸጥኩ።

ቤት ስደርስ ሶስናን ከጎረቤት አምጥቶ ምስር ወጥ ሠርቷል። ጣቶቹ ቀልተው፣ አንደኛው ጆሮው አብጦ ነበር። «ተሸነፉ?» አለኝ። «ተሸነፉ» አልኩት። «ስንት ለስንት?» ውጤቱን አላየሁም ነበር። «ታደለ፣ ዛሬ…» ብዬ ስጀምር ወደ ሶስና በዓይኑ ጠቀሰኝና «ልጅቷ ትሰማለች። ብዪ፣ ይበርድብሻል» ብሎ እንጀራውን ወደኔ ገፋ አደረገው። ልጅቷ ተኛች። እኔም አላነሣሁትም፤ እሱም አላነሣውም። በማግሥቱ አላነሣነውም። አንድ ነገር በማግሥቱ ካልተነሣ በሳምንቱ ይከብዳል፤ በወሩ ደግሞ ከየት ተጀምሮ እንደሚነሣ ይጠፋል።

ታደለ አሬናውን ዳግመኛ አልረገጠም። ኢንጂነሮቹ የሚተዉትን ቲኬት ለሌላ ሰው ይሰጣል። ሬዲዮውን ግን አልተወም። እኔ ሙከራዬን ጨርሼ ቋሚ ሆንኩ፤ በኋላ ዳያን ጡረታ ስትወጣ የካውንተሩ ኃላፊ አደረጉኝ። ቡድኑም አንዳንድ ዓመት ቀንቶት ከተማው በመኪና ጥሩምባ ሲናወጥ ታደለ መስኮት ላይ ቆሞ ፈገግ ይላል። ሶስና አሥር ዓመት ሲሞላት የክፍሏ ልጆች ሁሉ ሆኪ ሄደው ያወራሉና፣ ውሰደኝ ብላ ያዘችው። «ውድ ነው ልጄ» አላት። «ቲኬቱ ርካሽ ነው፣ ጓደኛዬ ነግራኛለች!» «ቲኬቱ ነዋ። ፈንዲሻውስ? ውኃውስ? ገብተሽ ሳትበዪ ልትወጪ ነው?» አለቀሰች። «ዩ አር ሶ ቺፕ!» ብላ መኝታ ቤት ገብታ በሩን ዘጋች። እኔ ልብስ እያጣጠፍኩ እዚያው ነበርኩ። ታደለ አየኝ፣ እኔም አየሁት፤ እሱ ሬዲዮውን ከፍ አደረገ፣ እኔ ልብሴን ማጣጠፌን ቀጠልኩ።

በዚያው ስም ወጣለት። ቆጥቋጣ ተባለ። የልጄ ጓደኞች ሁሉ የአባቷን የፈንዲሻ ወሬ ያውቁታል። በምርቃቷ ቀን ስትቀልድበት ከሁሉ በላይ የሳቀው እሱ ነበር፤ ያን ዩኒቨርሲቲ ያለ ብድር ያስጨረሳት እሱ ነው። በመጨረሻ ኩላሊቱ ደክሞ በሳምንት ሦስት ቀን ማሽን ላይ ሲተኛ አጠገቡ እቀመጥ ነበር። አንድ ቀን እንደምንም ብዬ «ታዴ፣ ያን ቀን…» አልኩት። ዓይኑን ሳይከፍት «የቱን ቀን?» አለኝ። ያውቀዋል። እንደሚያውቀው አውቃለሁ። ግን «የቱን ቀን» ሲለኝ ደስ አለኝ፤ ይሄን ስጽፍ የሚያሳፍረኝ እሱ ነው። ሸክሙን ያወረደልኝ መሰለኝና፣ የቱ ቀን እንደሆነ ሳልነግረው ብርድ ልብሱን አስተካከልኩለት። በአርባው ሶስና ተነሥታ ስለ አባቷ ስትናገር የፈንዲሻውን ነገር አወራች። ሰዉ በእንባው መሐል ሳቀ። እኔም በነጠላዬ ፊቴን ሸፈንኩ፤ ሐዘን መሰላቸው።

እንግዲህ በዚያ በነፃው ቲኬት ቀን፣ ባዶ ወንበሮች መሐል፣ ቡድናችን አራት ለባዶ ሲሸነፍ፣ ልጄ ያችን የአሥራ ሦስት ዶላር ሣጥን ጭኔ ላይ አስቀምጣ «እማ ብዪ እንጂ፣ አባዬ ሳያይሽ!» ስትለኝ አልቻልኩም።

«አባትሽ ቆጥቋጣ አልነበረም» አልኳት።

«ጆክ ነው እኮ፣ እማ።»

«ቆጥቋጣ አልነበረም። ስሚኝ።» ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ነገርኳት። ናፕኪኑን ስነግራት ሳቀች፣ እጇን አፏ ላይ አድርጋ። ሴኩሪቲው ጋ ስደርስ ሳቋ ቆመ። ስጨርስ ወደ በረዶው ነበር የምታየው።

«አላውቀውም አልሽ?»

«አዎ።»

«ፊቱ ላይ?»

«ፊቱ ላይ።»

ሰው ጮኸ፤ ማን እንዳገባ እንጃ። «ዌት» አለች ቀስ ብላ፤ «አሥር ዓመቴ ነበር። ቺፕ ብዬ ሰደብኩት። እዚያው ነበርሽ። አርባው ላይ ያን ሁሉ ሳወራ፣ ሰው ሲስቅ፣ እዚያው ነበርሽ። ዋይ? ለምን ዝም አልሽኝ?»

ሥራዬን እንዳላጣ ነበር፣ አንቺን ላሳድግ ነበር ልላት እችል ነበር። ለዚያ አንድ ቀን እውነት ነው። ለተከታዮቹ ዓመታት ግን መልስ አይሆንም። «እሱ ሲሸከምልኝ ተመቸኝ» አልኳት። ከዚህ የተሻለ እውነት አልነበረኝም።

ተነሥታ ወጣች። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ዓይኗ ቀልቶ ተመለሰች። መኪና ውስጥ ሬዲዮ አልከፈተችም። ሁልጊዜ እስከ ሳሎን ገብታ መድኃኒቴን አይታ ነው የምትሄደው፤ ያን ቀን በሩ ላይ «ደህና ሁኚ፣ እማ» ብላኝ ሄደች። ለሦስት ሳምንት አልመጣችም። በየቀኑ ቴክስት ታደርጋለች፤ «ደህና ነሽ?» «ደህና ነኝ።» «መድኃኒት?» «ወስጃለሁ።» ከዚህ አያልፍም። አልፈረድኩባትም። ያንን ዝምታ ከእኔ ነው የተማረችው።

ባለፈው እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ተመልሼ ጫማዬን እንኳ ሳላወልቅ ደወለች። ሰላምታም አላበዛች። «እማ፣ ለመጨረሻው ጨዋታ ሁለት ቲኬት ልገዛ ነው፣ በራሴ ብር። ኮምፒዩተሩ ላይ ነኝ። አባዬ የሚቀመጥበት የት ነበር? ሴክሽኑን ንገሪኝ፣ እዚያው ልያዝ።»

ስልኩን ይዤ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ። አሬናውን እንደ መዳፌ አውቀዋለሁ። የትኛው ቧንቧ እንደሚያፈስ፣ የትኛው በር በብርድ እንደሚጣበቅ፣ ከየትኛው ደረጃ ሰው ተሽቀዳድሞ እንደሚወርድ አውቃለሁ። ታደለ ግን የት ተቀምጦ እንደነበር አይቼው አላውቅም። ለአንድ ደቂቃ ሽርጤን ፈትቼ፣ ወደ ወንበሮቹ የሚያስገባውን መጋረጃ ገልጬ፣ የት አለ ብዬ አላየሁትም። እሱ ነበር ሁልጊዜ ወደኔ የሚመጣው።

«እማ? አለሽ?»

«አለሁ።»

«ላይኛው ነው ታችኛው?»

«እሱንም ልነግርሽ አልችልም፣ ልጄ» አልኳት። «ሄጄ አይቼው አላውቅም።»

ትንፋሿ ይሰማኛል። ከዚያ የኮምፒዩተሯ ቁልፍ ተንኳኳ።

«ኦኬ» አለች በመጨረሻ። «ላይኛውን እገዛለሁ። ቅዳሜ ከሰዓት መጥቼ እወስድሻለሁ። ደርበሽ ልበሺ።»